አውራ ጣቴና የመቶ ዓመቱ ካርድ

ያለፈው ቅዳሜ ጠዋት አማቼ ብርሃኑ የልጄን ቤት ለአንድ ቁራጭ ካርቶን ሊሰጥብኝ ነበር...

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚህ አሜሪካ፣ ቤዝቦል የሚሉት ጨዋታ ተጫዋች ፎቶ ያለበት፣ መታወቂያ የሚያህል ካርድ አለ። የድሮ ከሆነ እንደ መሬት ዋጋው ይጨምራል ይላሉ። ፎርት ዎርዝ ከተማ፣ መጋዘን አብረውት የሚሠሩት ይሄን ወሬ ለብርሃኑ ነገሩት፣ ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ የለም። ማኪኒ ከተማ ቤት ለመግዛት እሱና ልጄ ሰብለ ያጠራቀሙትን ዳውን ፔይመንት፣ የቤቱን ቅድሚያ ክፍያ፣ በፖስታ ይዞ ካርድ ሊገዛ ተነሳ። ሰብለ እያመነታች «እሺ፣ ግን አባባን ይዘህ ሂድ» አለችው። ለጉልበቴ ደረጃ የሌለው ክፍል ቃል ተገብቶልኛል፤ ሶ ነገሩ እኔንም ይመለከታል።

አርሊንግተን ከተማ፣ ካርዱ የሚሸጥበት አዳራሽ በር ላይ ፓርክ እንዳደረገ፣ «አባባ፣ እርስዎ ዝም ብለው ይቁሙ። እንግሊዝኛውን እኔ እጨርሰዋለሁ» አለኝ።

«ሃያ ዓመት ቆዳ ስነግድ በሬው እንግሊዝኛ ያወራኝ ነበር?» አልኩት።

ሻጩ ባርኔጣው ጠረጴዛውን የሚያጠላ ሰውዬ ነው። ካርዱን ደረቅ ላስቲክ ውስጥ አድርጎታል። ላዩ ላይ ሪዛም ተጫዋች፣ ሰማያዊ ቆብ ደፍቶ።

«መቶ ዓመት ሊሞላው ነው አባባ! ጥጉን አይተውታል? ሹል ነው። እጥፋት የለው፣ ፎቶው መሃል ለመሃል። ጥሩ ካርድ የሚለየው በዚህ ነው። አሥር ዓመት ሆልድ አድርገን ብናቆየው...»

«ከላስቲኩ ይውጣ።»

«አይነካም እኮ!»

«ሳልዳስሰው የገዛሁት ቆዳ የለም።» ወንበር ስቤ ጠረጴዛው ፊት ተቀመጥኩ። ብርሃኑ በሁለት ቋንቋ ለመነኝ። አልተነሳሁም። ባለባርኔጣው ፖስታውን አየት አደረገና አወጣው።

ልቤ የጠረጠረው ይሄኔ ነው። መቶ ዓመት የኖረ ነገር እንዲህ አያበራም። እኔ ሰባ አልሞላኝም... እዩኝ።

አውራ ጣቴን በምራቄ አረጠብኩና ቆቡን አሸት አደረግኩት።

ሰውዬው ጮኸ። ብርሃኑ አመድ መሰለ። «አበላሽታችሁታል፣ ትገዛላችሁ እያለ ነው! አባባ ምን አደረጉኝ? ለሰብለ ምን ልበላት?»

ጣቴን አየሁት። ሰማያዊ ሆኗል።

ሟች ባለቤቴ ዘነበች ከአያቷ የወረሰችው በእጅ የተጻፈ የጸሎት መጽሐፍ ነበራት። እኔ ደግሞ ጣቴን ካላረጠብኩ ገጽ መግለጥ አይሆንልኝም። «አንተ ሰውዬ፣ የእመቤታችንን ስም በምራቅህ ልታጠፋው ነው!» እያለች አርባ ዓመት ጮኸችብኝ። ቀዩ ቀለም ግን አንድ ቀን ጣቴ ላይ ወጥቶ አያውቅም። የድሮ ቀለም ጨዋ ነው፣ ሰው ሁሉ ላይ አይለጠፍም።

«ንገረው፣ ይሄ ካርድ ትናንት ነው የተወለደው በለው» አልኩት ብርሃኑን።

ነገረው። ሰውዬው ምራቄን ሰደበ። አጠገቡ የምትሸጥ አሮጊት ግን ሳቋን መያዝ አቃታት። ከራሷ ሣጥን ጥጉ የተበላ አሮጌ ካርድ አነሳች፣ አውራ ጣቷን ላስ አደረገችና አሸችው። ምንም! ንጹሕ ጣቷን ከፍ አድርጋ ለዙሪያው ሁሉ አሳየች።

ባለባርኔጣው ካርዱን ከእጄ ነጥቆ ኪሱ ከተተው። ትገዛላችሁ ያለውንም ረሳው።

መኪና ውስጥ ብርሃኑ ፖስታውን ደረቱ ላይ አጥብቆ ያዘ።

«አባባ... ሁለተኛ ዝም ይበሉ አልልዎትም።»

«ክፍሌ ሁለት መስኮት ይኑረው» አልኩት።

ዘነበች፣ ነፍሷን ይማርና፣ «ይሄ ምራቅህ አንድ ቀን ያዋርድሃል» ትለኝ ነበር። በዚህ ተሳስታለች። በሌላው ሁሉ ልክ ነበረች ብዬ ግን አልጽፍም።