የለተሚካኤል እንግሊዝኛ

ለተሚካኤል ፒያሳ፣ አንድ አሮጌ ፎቅ በረንዳ ላይ ልብስ መስፋት ከጀመረች ሃያ ስድስት ዓመት አልፏታል። ስፌት መኪናዋ በረንዳው ላይ ናት፤ ከኋላዋ ልብስ የምትሰቅልበት አንዲት ጠባብ ክፍል አለች። እንግሊዝኛን ከደንበኞቿ አፍ ለቃቅማ እንደምታውቅ ትናገራለች፤ የሚከራከራትም የለም።

አንድ ማክሰኞ፣ አምስት ኪሎ የምታስተምር ሱዛን የምትባል ፈረንጅ ሰማያዊ ቀሚስ ይዛ መጣች። ወገቡን ግራና ቀኝ በጣቶቿ ቆንጠጥ አድርጋ «ቴክ ኢት ኢን» አለችና ሄደች። ለተሚካኤል ገባት። «ቴክ» ውሰጂ ነው፤ «ኢን» ውስጥ። መቆንጠጧም ጨርቁ ስስ ነው፣ ፀሐይ ይጎዳዋል ማለቷ ይሆናል። ለልብሷ እንዲህ የምትሳሳ ሴት ደስ አለቻት። የሚሠራለትን ስትመለስ ትነግረኛለች ብላ፣ ቀሚሱን ወደ ክፍሏ አስገብታ በላስቲክ ሸፍና ሰቀለችው።

ሱዛን ዐርብ መጣች፤ በማግስቱ ሰርግ ነበረባት። ብትለብሰው ቀሚሱ እንደ ጆንያ ሰፋባት። ለተሚካኤል አቧራ እንዳልነካው በኩራት አሳየቻት። ሱዛን ወገቧን እያመለከተች ያንኑ ቃል ደገመች። ለተሚካኤልም ከዚህ ወዲያ የት ላስገባው ብላ ክፍሏን ዞር ዞር ብላ አየች።

ጎረቤት ፎቶ ኮፒ ቤት የምትሠራው ዊንታ ተጠራች፤ ቋንቋ ተምራለች። ቃሉ ለልብስ ሲሆን ማጥበብ፣ መጠጊያ ላጣ ሰው ሲሆን ቤት ማስገባት፣ ለትምህርት ሲሆን መረዳት፣ ለሞኝ ሲሆን ደግሞ ማታለል መሆኑን አስረዳቻት።

«ታዲያ የትኛው እንደሆነ በምን ይታወቃል?»

«አብሮት ባለው ነገር ነዋ፣ እትዬ። ቀሚስ ይዛ የመጣች ሴት መቼም አስጠጊኝ አትልዎትም።»

ለተሚካኤል አፈረችም፣ ሳቀችም። ሱዛንን በርጩማ ላይ አስቀምጣ መኪናዋ ላይ አቀረቀረች። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ቀሚሱ ልክክ አለ። በደስታዋ መሐል፣ አሁን ነገርሽ ገብቶኛል ልትላት ፈለገችና ከአዲሱ ትምህርቷ መርጣ «አይ ቴክ ዩ ኢን» አለቻት።

ዊንታ ፊቷን በመዳፏ ሸፈነች። «አታልልሻለሁ ነው ያሏት፣ እትዬ።»

ሱዛን ግን እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች፤ ሰርጉ ላይም ይህንኑ ስታወራ እንደዋለች በኋላ ተሰማ።

በሳምንቱ አንዲት ፈረንጅ የሱዛን ጓደኛ ጉርድ ቀሚስ ይዛ መጣች። አፏን ከመክፈቷ ለተሚካኤል እጇን አንስታ አስቆመቻት፤ ጨርቅ የምታሰምርበትን ቁራጭ ሳሙናም ሰጠቻት። ፈረንጇ ጉርዱን ዘርግታ የምትፈልገውን አሰመረች። መስመሩ ጠማማ ቢሆንም ለተሚካኤል አንዲት ቃል ሳትጠይቅ መቀሷን አነሳች።