ለሦስት ምት የሚመጡ እርግቦች

ሶዶ ውስጥ የእህል መጋዘን ጠባቂ ሆኜ ሥራ የጀመርኩ ዕለት፣ ባለቤቱ ጋሽ ዳና ቁልፍ፣ መጥረጊያና ካኪ ጋዋን ሰጡኝ። "ጆንያው እርጥበትና አይጥ እንዳይነካው" አሉኝ። ስለ እርግብ አንድም ቃል አልተነፈሱም።

እርግቦቹ ግን ከእኔ በፊት የተቀጠሩ ይመስሉ ነበር። ጣሪያ ሥር ያድራሉ፣ በቆሎው ላይ ይኮሳሉ። ከአንዱ ጥግ ሳባርራቸው ሌላው ጥግ ያርፋሉ። በአንድ ወር ውስጥ ሰለቸኝ።

ኋላ ዘዴ አገኘሁ። ተበላ ከሚባለው ከተማ የመጣ በቆሎ ሲራገፍ የሚፈሰውን ጠርጌ ጓሮ እወስድና፣ የዘይት ጣሳ ሦስት ጊዜ መትቼ እበትንላቸዋለሁ። ቶሎ ለመዱ። ቀኑን ሙሉ ጓሮ ሲጠብቁ ስለሚውሉ መጋዘኑ ጸዳ። የሚበተን በሌለ ቀንም ጣሳዬን እመታለሁ፣ እነሱም ይመጣሉ። ጫኝና አውራጆቹ "የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ" እያሉ ይስቁብኝ ነበር። እኔ ግን ኮርቼ ነበር።

እየበሉ ተዋለዱ፤ ጓሮው አልበቃቸው ብሎ ወደ መጋዘኑም ተመለሱ። አንድ ቀን ገዢ መጥቶ የላይኛው ጆንያ ላይ ኩስ አየና ሳይገዛ ሄደ።

"ማርቆስ፣ ወይ እነሱ ይወጣሉ ወይ አንተ" አሉ ጋሽ ዳና። "አንድ ሳምንት ሰጥቼሃለሁ።"

ቤት አራት ልጆች አሉኝ። ተስፋ እንዲቆርጡ ብዬ በየቀኑ ባዶ ጣሳ መታሁ። አልቆረጡም። ሁልጊዜ አብልቻቸው ቢሆን ኖሮ ምናልባት ቶሎ ይነቁብኝ ነበር። እኔ ግን አንድ ቀን ሰጥቼ ሌላ ቀን ስለነሳኋቸው፣ ዛሬ ባይኖር ነገ ይኖራል ማለትን ተምረዋል።

ሳምንቱ ሲያልቅ ጋሽ ዳና መርዝ የተለወሰ በቆሎ ይዘው መጡ። ራሳቸው በትነው ጣሳውን ደበደቡ። ከጣሪያው አንድም አልወረደም።

"አንተ ምታ" አሉኝ።

"ጋሼ፣ ይሄን እንኳ ሌላ ሰው ያድርገው።"

"ለሌላ ሰው አይመጡማ። አየህ አይደል?"

ሦስት ጊዜ መታሁ። ሁሉም መጡ።

ለቅሜ የቀበርኳቸው እኔው ነኝ። ሥራዬ ግን ተረፈልኝ፣ ጡረታ እስክወጣም እዚያው ቆየሁ።

በዚያው ሰሞን አናጢ መጥቶ እርግቦቹ ይገቡበት የነበረውን የአየር ማስገቢያ በሽቦ ወንፊት ደፈነው። ግማሽ ቀን እንኳ አልፈጀበትም። በገባሁበት ሳምንት ብጠይቅ ጋሽ ዳና እምቢ አይሉኝም ነበር። አልጠየቅኩም።

አዲስ ለምትቀጠሩ መጋዘን ጠባቂዎች፦ ሽቦውን አስቀድማችሁ ጠይቁ። እርግብ አታስለምዱ።