የታንቲ ኤርሲ ባለቁምጣ

«"ጌታዬ፣ ይሄ ባሕር ዳርቻ አይደለም፣ መሥሪያ ቤት ነው፣"» አለች መንደሩ ሁሉ ታንቲ፣ አክስቴ፣ የሚላት ኤርሲ አፍንጫዋን በሁለት ጣቷ ይዛ፣ የኢሚግሬሽን ሠራተኛዋን የኬዝያን ድምፅ እያስመሰለች። «እንዲህ ብላ አይደል የመለሰችህ? "በቁምጣ አናስተናግድም።" ደግ አደረገች። እኔ ብሆን በመጥረጊያ ነበር የማስወጣህ።»

«ይሞቃል እኮ፣ ኤርሲ» አለ ግሌን ከበረንዳው።

«ይሞቃል? ፓስተሩ በዚሁ ሙቀት ክራባቱን አንቆ ሲጮህ ይውል የለም እንዴ? ፀሐይዋ አንተን ብቻ ነው የምታውቀው? ለመሆኑ ስትገባ ምን አልክ?»

«ምንም። ፓስፖርቴን ሰጠኋት።»

ታንቲ ኤርሲ ለምሳ የሚቀቀለውን ትልቅ የዛፍ ፍሬ፣ የዳቦ ፍሬ፣ እየላጠች ነበር። ቢላዋውን አስቀመጠች። «እንደምን አደራችሁ አላልክም?»

«ሰው ሞልቶ ነበር። ለማንኛው ልበል?»

«ለሁሉም ነዋ! በሩን ከፍተህ ስትገባ ለሰዉም ለወንበሩም ለግድግዳውም እንደምን አደራችሁ ትላለህ። እዚህ አገር ሌባ እንኳ ሰላምታውን አይረሳም።»

እውነቷን ነው። ግሬናዳ ውስጥ ሚኒባስም ይሁን ሱቅ፣ ዝም ብሎ የገባ ሰው ጥርስ ውስጥ ገባ ማለት ነው። ግሌን ግን ካናዳ በረዶ የሚጠርግ መኪና ሲነዳ የኖረ ሰው ነው፤ በረዶውን ማን እንደምን አደርክ ይለዋል? ጡረታ ወጣ፣ ደሴቷን አየ፣ አልሄድም አለ።

እንደሱ ያሉትን ታንቲ ኤርሲ እስኪበቃት አይታለች። ባሏ ከሞተ ጀምሮ ፎቁን ለፈረንጅ ታከራያለች። ሁለት ቀን ባሕር ውስጥ ይንቦጫረቁና «የተፈጠርኩት ለዚህ ነው» ይላሉ። አየር ማረፊያ የተመታላቸው የመቆያ ቀን ሊያልቅ ሲል ነው ከሕልማቸው የሚባንኑት። የፖሊስ ወረቀት አምጡ፣ የባንክ ወረቀት አምጡ፣ ዋስ የሚሆናችሁ የአገር ሰው አምጡ ሲባሉ፣ አገሩ ሁሉ የተጣላቸው ይመስል ይነፋረቃሉ። አንዷማ «እኔ የምድር ልጅ ነኝ፣ ድንበር አላውቅም» ብላ ቀኗን አሳለፈች። የምድር ልጅ በአውሮፕላን ተሸኘች፣ ፎጣዋን ገመድ ላይ ትታ። ታንቲ ኤርሲ እስከዛሬ ወለል ትወለውልበታለች።

ለአንዳቸውም ዋስ ሆና አታውቅም። «ስሜ የቤተክርስቲያን ስም ነው፣ ለዋናተኛ አላውሰውም» ትላለች።

ለግሌን ግን አዋሰችው። ምክንያቱን ብትጠይቋት «ተከራዬ ነው» ትላለች። ተከራይ! የፎቁ መስኮት ካለፈው ክረምት ወዲህ ተከፍቶ አያውቅም። የሰውዬው ቁምጣ ከእሷ የእሑድ ቀሚስ ጋር አንድ ገመድ ላይ እየተወዛወዘ፣ ተከራይ። መንደሩ ሁሉ ያውቃል፣ መንደሩ ሁሉ ምንም እንደማያውቅ ሰው ሰላም ይላታል።

አሁን የግሌን ቀን አርብ ያልቃል። ወይ ወረቀቱ ወይ አውሮፕላኑ።

«ይሂድ እስቲ፣ በሰላም እተኛለሁ» አለች፣ ቢላዋውን መልሳ አንስታ። የዳቦ ፍሬውን ልጣ ልጣ ሎሚ አሳከለችው።

በነጋታው የቤተክርስቲያን ባርኔጣዋን ደፋች። ግሌንን የሟች ባሏን ጥቁር ሱሪ አስለበሰችው፣ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ቀረ። መንገዱን ሙሉ ሚኒባስ ውስጥ ስታስጠናው ነበር። «በል፣ እንደምን አደራችሁ። አታጉተምትም፣ ጮክ በል።»

ቢሮው ደረሱ። ታንቲ ኤርሲ በሩን በትከሻዋ ገፋችና ቀጥ ብላ ወደ መስኮቱ፦ «ኬዝያ፣ ይሄን ሰውዬ ምን አድርግ ነው የምትሉት?»

ኬዝያ ቀና አላለችም። «እንደምን አደሩ፣ ታንቲ ኤርሲ።»

አግዳሚው ላይ ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። ኬዝያን በልጅነቷ፣ ሰንበት ትምህርት ቤት፣ ሰላምታ ስትረሳ ጆሮዋን ትቆነጥጣት የነበረችው ማን ሆነና? ታንቲ ኤርሲ ዞረች፣ ወጣች፣ በሩን ዘጋች። እንደገና ከፍታ ገባች።

«እንደምን አደራችሁ።»

«እንደምን አደርሽ» አለ አግዳሚው እንደ መዘምራን።

«እንደምን አደራችሁ» አለ ግሌን፣ ሁሉም ከጨረሰ በኋላ፣ ለብቻው።

ኬዝያ ወረቀቶቹን አገላበጠች። የፖሊሱ አለ፣ የባንኩ አለ። «ዋሱ እርስዎ ነዎት። ሰውየው ምንዎ ነው?»

«ተከራዬ።»

«እንግዲያው የኪራይ ደረሰኝ ያምጡ።»

«የለም።»

«ለምን አይኖርም?»

ከኋላ፣ ለልጅ ልጇ ፓስፖርት የመጣችው የቤተክርስቲያኗ ዘማሪ፣ እህት ኤግላ፣ በማራገቢያ ፊቷን ታራግባለች፣ ጆሮዋ ግን መስኮቱ ላይ ተለጥፏል። ጠፋብኝ ማለት ይቻል ነበር። ዝናብ አበሰበሰው ማለትም ይቻል ነበር። ታንቲ ኤርሲ ግሌንን አየችው፤ ያጠረበትን ሱሪ ወደ ታች እየጎተተ እንደ ተቀጣ ተማሪ ቆሟል። አየችውና ተናደደች።

«ደረሰኝ የሌለው ተከራይ ስላልሆነ ነው። አብሮኝ ነው የሚኖረው። ከእኔው ጋር፣ እኔው አልጋ ላይ። ያንኮራፋል። ጻፊው።»

«ማንኮራፋቱን ልዝለለው?»

«አትዝለዪ። መንግሥትም ይወቀው።»

ማራገቢያው ቆመ።

«እህት ኤግላ» አለች ታንቲ ኤርሲ ሳትዞር፣ «ምነው፣ በረደሽ?»

ኬዝያ ከንፈሯን ነክሳ ጻፈች። «አብሮ ነዋሪ ከሆነ ዓመት ልሰጠው እችላለሁ።»

«ዓመት? ለዚህ? ዓመት ሙሉ ቁምጣ ለብሶ ሊንቀባረርብኝ? ስድስት ወር ስጪው። በየስድስት ወሩ ሱሪ ለብሶ እየመጣ ሰላምታውን ያሰማ።»

ማኅተሙ ወረደ። ግሌን ጥርስ በጥርስ ሆኖ እጇን ሊይዝ ሲል መታ አደረገችው። «መሥሪያ ቤት ነው» አለችው፣ አፍንጫዋን ሳትይዝ። ከዚያ እጁን ራሷ ያዘችው፣ በኤግላ ፊት እያሳለፈች እስከ በሩ ጎተተችው።

በሩ ጋ፣ እኔ ደብተሬን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ የተቀመጥኩበት አግዳሚ ጫፍ ላይ ስትደርስ ቆመች።

«አንቺ ደግሞ፣ ከገባሁ ጀምሮ ጉልበትሽ ላይ ምንድን ነው የምትሞነጫጭሪው? አልጋውን ጻፍሽው? ጻፍሽው አይደል። እንግዲህ ከዚህ በላይ ምን ትፈልጊያለሽ፣ አቁሚ።»