ከከረጢት የወጣ ቃል

በእኛ የወጣቶች ኅብረት አዲስ ዓመት ሲገባ ቃል ይወጣል። ጥቅሶች በትናንሽ ወረቀት ተጽፈው፣ ተጠቅልለው ከረጢት ውስጥ ይገባሉ፤ ሁሉም እጁን ሰድዶ አንድ ያነሣል። የደረሰህ የዓመቱ ቃልህ ነው። እኔ ነገሩ ዱሮም አይጥመኝም። ዕጣም የሚወጣው በዚሁ መንገድ ነው።

ዘንድሮ ለታላቅ እህቴ የደረሳት፣ ጅማሬው ትንሽ ቢሆን ፍጻሜው ይበዛል የሚለው የኢዮብ ጥቅስ ነው። ቡታጅራ ውስጥ ይህ ያልተለጠፈበት ባጃጅ ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል። እሷ ግን ለእሷ ብቻ የተላከ መሰላት፤ ምክንያቱም ወልቂጤ አንድ ሰው አለ። ጉባኤ ላይ ተዋውቀው ላግባሽ ብሏታል። ያላት በስልክ ነው፤ ሽማግሌ አልላከም። መጀመሪያ የስፌት ማሽኗን ሸጣ ወልቂጤ እንድትሄድና እሱ ሊከፍት ባሰበው የልብስ ሱቅ አብረው እንዲጀምሩ ይፈልጋል። "ከትንሽ እንጀምር፣ ፍጻሜው ይበዛል" ይላት ነበር። ወረቀቱን ከማንሣቷ በፊት ማለቴ ነው።

እኔ ይሄን ስሰማ ዝም የምል ሰው አይደለሁም። ከረጢቱን ወደምታዘጋጀው ልጅ ሄድኩ።

"ወረቀቶቹን ማን ጻፋቸው?"

"እኔ።"

"ይሄን ጨምሪ ያለሽ ሰው የለም? ከወልቂጤ የደወለልሽ?"

"አንቺ ደግሞ ፖሊስ ሆንሽ እንዴ? የተረፉት እዚያ ናቸው፣ እያቸው።"

ጠረጴዛ ላይ ዘረገፍኳቸው። የእህቴ ጥቅስ ሌሎች ወረቀቶች ላይም ነበር፤ ለማንም ሊደርስ ይችል ነበር። ማንም አላታለላትም። ግን ሁሉንም ሳነብ ጥርጣሬዬ ወደ ሌላ ዞረ። ይበዛል፣ ይከፈታል፣ ከፍ ትላለህ፣ አትፍራ። አንድም የሚቆጣ የለም። ያ ሁሉ ነቢይ ጮሆ ጮሆ፣ ቁጣው ከምስር ውስጥ እንዳለ ጠጠር ተለቅሞ ወጥቷል።

"ተግሣጽ የለም?" አልኳት።

"በአዲስ ዓመት ተግሣጽ ማን ማንሣት ይፈልጋል? አንቺ ትፈልጊያለሽ?"

አልፈልግም። እሱ ነው ያናደደኝ።

ማሽኑን የሚገዛው ሰው ከመስቀል ማግስት ሊመጣ ተቀጥሯል። ስለዚህ እህቴን "ቃሉ ያንቺ ከሆነ ሙሉውን እናንብበው፣ ከአናቱ" አልኳት። እሷ የምታውቀው ስልኳ ላይ ያለውን፣ ከፀሐይ መውጫ ፎቶ ጋር የተሠራውን ብቻ ነው። የአባታችንን መጽሐፍ ቅዱስ ከቁም ሳጥን አውጥቼ ዚፑን ከፈትኩ። እናታችን አጠገባችን ለመስቀል ጎመን ትለቅማለች።

ትምህርት ቤት አማርኛ መምህራችን ለማንኛውም ምንባብ ያስጠይቁን ነበር፤ ማን ተናገረ፣ ለማን፣ ለምን፣ ከዚያ በፊት ምን ተባለ፣ ከዚያ በኋላስ። በዚያው ገባሁበት። ኢዮብ ንብረቱ ሲሄድ፣ ልጆቹ ቤት ተደርምሶባቸው ሲሞቱ፣ ወዳጆቹ መጥተው አጠገቡ መሬት ላይ ዝም ብለው ሲቀመጡ አነበብን።

"ዝም ማለታቸው ጥሩ ነው" አለች እናቴ።

ከዚያ ወዳጆቹ አፋቸውን ከፈቱ። የእህቴ ጥቅስ ጋ ስንደርስ ቆምኩ።

"ማን ነው የሚናገረው?"

"እግዚአብሔር ነዋ።"

"ወደ ላይ ተመለሺና እይ።"

ተመለሰች። ተናጋሪው ከወዳጆቹ አንዱ ነው። ከጥቅሱ በላይ ያለውን ጮክ ብዬ አነበብኩላት፤ ልጆችህ በድለው ይሆናል፣ ለዚያ ነው የተቀጡት ይለዋል። አንተ ንጹሕ ከሆንክ፣ አጥብቀህ ከለመንክ ግን ይበዛልሃል። ያ የባጃጁ ቃል የሚመጣው እዚህ ላይ ነው።

እናቴ ጎመኑን አስቀመጠች። ከእኛ በፊት የተወለደውን ወንድማችንን ቀብራለች። "ልጁን ለቀበረ ሰው ነው እንዲህ ያለው?" አለች። "እናንተ ይሄን ነው ግድግዳ ላይ የምትለጥፉት?"

እህቴ ወደ እኔ ዞረች። "አንቺ ግን ይሄን የምታነቢው ለምንድን ነው? ቃሉን ልታውቂ ነው ወይስ ልጁን ልትጥዪብኝ?"

"ልጥለው ነው" አልኩ። መዋሸት አልወድም።

"እንግዲያው ከእኔ በምን ተሻልሽ? እኔም የምፈልገውን አገኘሁ፣ አንቺም የምትፈልጊውን እያገኘሽ ነው። እስከ መጨረሻው አንብቢ።"

አነበብኩ። በማግስቱም ከዚያም ወዲያ፣ ከሥራ መልስ፣ ያንን ረጅም ክርክር ሳንዘል ጨረስነው። መጨረሻ ላይ እግዚአብሔር ወዳጆቹን ቅን ነገር አልተናገራችሁም ብሎ ይቆጣቸዋል። ደስ አለኝ። እህቴ ግን ጣቷን ዝቅ አድርጋ "ቆይ እንጂ" አለች። የኢዮብ ፍጻሜ ከጅማሬው ይልቅ ተባርኳል። በዝቷል።

"በዛ እኮ" አለች።

"በዛ። ግን ያ ወዳጁ ባለው ምክንያት ነው የበዛው?"

መልሱን ዛሬም በደንብ አላውቀውም። ያወቅኩት፣ አንድ ሰው እውነት የሚመስል ነገር ይዞ ሰው ሊያቆስል እንደሚችል ነው፤ ስለዚህ ዐረፍተ ነገሩን ብቻ ሳይሆን የወጣበትን አፍም ማየት ያስፈልጋል።

የወልቂጤው ሰውዬ በመስቀል ሰሞን መጣ። እህቴ ማሽኑ ላይ ተቀምጣ ቀሚስ ትገጣጥማለች፤ እኔ ቁልፍ እተክላለሁ።

"ገዢው ነገ ይወስደዋል አይደል?" አለ ማሽኑን እያየ። "ቃልሽን እንዳትረሺ።"

"ያንን ቃል የተናገረው ማን እንደሆነ ታውቃለህ?" አለችው።

"ምን ማለትሽ ነው? የእግዚአብሔር ቃል ነው።"

"እሺ፣ አንተስ? ከትንሽ እንጀምር ስትለኝ ሽማግሌን ለምን ወደ ኋላ አደረግከው?"

"ምን ነካሽ? ሽማግሌ የትም አይሄድም። ሱቁ ይቅደም፣ እነሱ ይደርሳሉ።"

"እነሱ ይቅደሙ፣ ማሽኑ ይደርሳል።"

እኔን አየኝ። "ይቺ ናት ያስተማረችሽ?"

"እሷማ የምታነበው አንተን ለመጣል ነው" አለችው እህቴ፣ ቀና ሳትል። "እኔ ለራሴ ነው ያነበብኩት።"

እደውላለሁ ብሎ ወጣ። በማግስቱ ገዢው ሲመጣ እህቴ ይቅርታ ጠይቃ መለሰችው። ከወልቂጤ ሽማግሌ ይምጣ አይምጣ እስካሁን አልታወቀም፤ እኔ አይመጣም ባይ ነኝ፤ እሷ ይመጣ ይሆናል ትላለች። ማሽኑ ግን ቤት ነው፣ ትሠራበታለች።