ዝገት የበላው ብሎን

ካርቱም ካለው ዴም ሰፈር ወታደሮች ሲወስዱኝ እጄን እንኳ አላስታጠቡኝም። ያስገቡኝ ክፍል የሱቅ መጋዘን የነበረ ነው፤ መስኮት የለውም፣ የበሰበሰ ሽንኩርት ይሸታል። አንድ ሽማግሌ ጥግ ይዘው ተቀምጠዋል። በሩ ተዘጋ።

የጠረጠሩኝ ለምን እንደሆነ አላጣሁትም። ጦርነቱ ካርቱምን ለሁለት ከፍሏታል፤ ወዲህና ወዲያ የሚል ሐበሻ ሁሉ ጃሱስ ነው፣ ሰላይ። እኔ ደግሞ መለዋወጫ ፍለጋ የማልረግጠው ሰፈር የለም። ሰላይ ያሉትን በመኪና ይወስዱታል፤ ሲመለስ ያየ ሰው የለም።

ሽማግሌው ዴም ያረጁ ሐበሻ ናቸው፤ አማርኛቸው ተሰባብሯል።

“ወለዲ፣ ልጄ፣ ሹጉልህ ምንድን ነው? ሥራህ?”

“ሞተር ሳይክል እጠግናለሁ።”

በሩን አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። “ለእነሱ አትንገር። ግንበኛ ነኝ በል። መካኒክ አትበል፣ ወላሂ!”

እኔ ሆዬ እሳቸውን ጠረጠርኩ። ምን አገባቸው? ሥራዬንስ ለምን ጠየቁኝ? ጆሮ ጠቢ ናቸው፣ አልኩ በልቤ፤ አስዋሽተውኝ ነገ ሊያጋልጡኝ ነው። ዳቧቸውን ቆርሰው ሲሰጡኝ እንኳ አንጀቴ እየጮኸ “ጠግቤያለሁ” አልኳቸው።

በማግስቱ አዛዡ ሥራዬን ሲጠይቀኝ ደረቴን ነፍቼ መካኒክ ነኝ አልኩት። መካኒክ መሆኔን ካመነ ሰላይ አለመሆኔንም ያምናል ብዬ ነው።

“እናያለን” አለ። ግቢው ውስጥ አንዲት አሮጌ ሞተር ሳይክል ቆማለች። የጎን ክዳኗን ብሎኖች ዝገት በልቷቸዋል፤ የአንዱማ ራስ ጭራሽ ተላልጧል። ካቻቢቴ፣ መሮና መዶሻ ወረወረልኝ። “ክፈታት። ያላ፣ ቶሎ በል!”

ናፍታ ለመንኩና ብሎኖቹ ላይ አፍስሼ ቁጭ አልኩ።

“ምን ትጠብቃለህ?”

“ዝገቱ ናፍታውን እስኪጠጣ ነው፣ ጌታዬ።”

ዓይኑን ከእጄ አላነሳም። ቆይቼ ካቻቢቴውን ተከልኩ፣ በመዶሻ መታ መታ አደረግሁት፤ ከዚያ ሁልጊዜ እንደማደርገው መጀመሪያ ወደ ማጥበቂያው ገፋሁት።

ከኋላዬ የቆመው ወታደር ትከሻዬን ሰደፍ አቀመሰው። አዛዡ ጮኸ፦ “ውሸታም! እያጠበቅህ እኮ ነው! መፍቻና ማጥበቂያውን የማይለይ መካኒክ አለ?”

“ዝገት የያዘው ብሎን መጀመሪያ ወደ ማጥበቂያው ካልነቀነቁት ወደ መፍቻው አይመጣም” አልኩ። ትከሻዬ ነደደኝ። ቢሆንም በጉልበት ልሰብረው አልፈለግሁም። ወዲህ ነቀነቅሁት፣ ወዲያ ነቀነቅሁት፤ ቀጭ አለና ለቀቀ። ሌሎቹም ተከተሉት። ራሱ የተላጠውን በመሮ ጠርዙን እየመታሁ አዞርኩት። ክዳኑ ወጣ። እፎይ! ነገ ቤቴ ነኝ አልኩ።

አዛዡ ብሎኖቹን አየ፣ እኔን አየ። “ወላሂ ጎበዝ ነህ” አለ። “እንግዲህ የእነዚያን የጠላቶቻችንን ሞተር ሳይክሎች ሲጠግን የከረመው ሐበሻ አንተ ነህ።”

ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይሄ ነው። የሽማግሌው ምክር ያኔ ገባኝ።

ፈርቻለሁ። ንዴቱ ግን በለጠኝ። “ጌታዬ፣ እኔ የመጣልኝን ሁሉ እሠራለሁ። ይቺንም ከፈትኩልህ። የማን ናት ብዬ ጠየቅሁህ?”

አዛዡ በእጁ በሩን አሳየኝ። “ወደ ክፍልህ” አለ።

“የፈታሁትን ሳልገጥም አልነሳም።”

ብሎኖቹን በሸሚዜ ጠርጌ፣ ያገኘኋትን ግራሶ ቀባብቼ አንድ በአንድ መለስኳቸው። ሰደፍ እየጠበቅሁ ነበር። አልመታኝም፤ እስክጨርስ ቆሞ አየኝ። ማታ ሽማግሌው ዳቦ ሲዘረጉልኝ በሁለት እጄ ተቀበልኳቸው።

ያ መኪና ለእኔ ሳይመጣ ቀረ፤ ለምን እንደሆነ ዛሬም አላውቅም። ሰፈሩ በሌላው ወገን እጅ ሲወድቅ ጠባቂዎቹ በሩን ክፍት ትተው ሄዱ። እኛም ወጣን።

አሁን እዚያው ካርቱም፣ አርካዊት ሰፈር ውስጥ ትንሽ ጋራዥ አለችኝ። ድሮ ሰው ሞተር ሳይክሉን እየገፋ ሲመጣ “ምን ሆነች?” ነበር የምለው። ዛሬ ግን ገና ከሩቅ ሳየው፣ እኔው ራሴ እስክደነግጥ ድረስ፣ ከአፌ የሚወጣው “የማን ናት?” ነው።