የሐዘን ጺም

ልጅ ሳለሁ የመንደራችንን ወንዶች ጺም የሚላጨው አጎቴ ነበር። ወንዶቹ ከእርሻ ሲመለሱ ቤቱ ይሰበሰባሉ፤ እሱ ውሃ ፍም ላይ ያሞቃል፣ ምላጩን በቆዳ ላይ ይስላል፣ በኩራዝ ብርሃን እየላጨ ተረት ያወራል። ያኔ የአጎቴ ሥራ መላጨት ብቻ አልነበረም፤ ራስ ምታት ለጸናበት በቀንድ ዋግምት ደም ይመጥለታል፣ የታመመ ጥርስም በጉጠት ይነቅላል።

የማልረሳው ተረቱ ሞት አንድ ባለ ምላጭ ዘንድ ሊላጭ የመጣበት ነው። ሞት እንግዳ መስሎ ተቀመጠ። ባለ ምላጩ ግን አውቆት ኖሮ ግማሽ ፊቱን ብቻ ላጭቶ «የቀረውን ነገ» አለው። ሞት በግማሽ ጺም ሰው ቤት መግባት አፍሮ ጫካ ገባ፤ በዚያ ክረምት ከመንደሩ ማንም አልሞተም።

«በነጋታው ተመልሶ አላስጨረሰም?» አለው አንዱ ተላጪ።

«አንተ አፍህን ዝጋ፣ ምላጬ ጉሮሮህ ላይ ነው» አለው አጎቴ። ሁሉም ሳቁ።

የሐዘንተኛ ጺም ሲሆን ግን ሳቅ አልነበረም። ሰው የሞተበት ወንድ ጺሙን ያሳድጋል፤ የሚላጨውም ሽማግሌዎች ተሰብስበው፣ መርቀው ከሐዘን ሲያወጡት ነው።

ካደግሁ፣ ካረጀሁ በኋላ ልጄን ልጠይቅ ጆሃንስበርግ ሄድኩ። ቶኮዛ በሚባለው የከተማው ዳርቻ ስፓዛ የሚሉት ትንሽ የሰፈር ሱቅ ነበረው። ኮሮና ገብቶ ድንበር ሲዘጋ እዚያው ቀረሁ። ባለቤቴ አገር ቤት አረፈች፤ አልቀበርናትም። እኔና ልጄ ከሱቁ ጀርባ ባለች ክፍል ተቀምጠን ጺማችንን አሳደግን። ሌላ ልናደርግላት የምንችለው ነገር አልነበረም።

ከዚያ ልጄን ሳሉ ያዘው። የሆስፒታል አልጋ ጠፋ። የቸርቻችን ሰዎች የኦክስጅን ሲሊንደር ከነማስኩ ፈልገው አመጡልን። ነርሷ በስልክ «ጺሙ ካልተላጨ ማስኩ አይገጥምም፣ አየሩ በጎን ያመልጣል» አለች።

እኔ ግን ሽማግሌዎች ይምጡ አልኩ። ዳቬይተንና ጀፕ የሚባሉት ሰፈሮች ወዳሉት ያገሬ ሽማግሌዎች ደወልኩ። መሰብሰብ ክልክል ነው አሉኝ። ቢሆንም ጠበቅሁ። የልጄ ከንፈር ጠቆረ።

መላጫ ይዞ የመጣው ጓደኛው ታምራት ነው። ጀፕ የነበረው ጸጉር ቤት ተዘግቶበታል።

«አባባ፣ ሽማግሌ ስንጠብቅ ልጁ ማለቁ ነው!»

«የእናቱ ሐዘን ነው። አንተ ጸጉር ቆራጭ፣ ምን አገባህ?»

«ባርበር እኮ ነኝ፣ አባባ። እንግሊዞቹ ቃሉን ያመጡት ከጺም ነው፤ በድሮው ላቲን ጺም ባርባ ይባላል። በነሱ አገር ጥንት ባርበር ደም ያወጣ ነበር፣ ጥርስ ይነቅል ነበር። ሐኪም ነበር! በኋላ ሐኪሞቹ ለብቻቸው ወጡ፣ ለእኛ ምላጩ ቀረ።» ቀና ብሎ አየኝና «ብቻ ጥርስ ንቀል እንዳይሉኝ» አለ።

ታምራት የሚያወራልኝን ባለ ምላጭ አውቀዋለሁ አልኩ በልቤ። አጎቴ የታመመ ሰው ሲመጣለት ሽማግሌ አስጠርቶ አያውቅም። መላጫውን ከታምራት እጅ ተቀበልኩ።

ልጄ እጄን ያዘ። «አባዬ... የእማዬ...» አለ፤ ትንፋሽ አጠረው።

«ሐዘኑን እኔ እይዘዋለሁ። አንተ ተንፍስ።»

ከሕፃንነቱ ወዲህ ፊቱን ነክቼ አላውቅም ነበር። እጄ እርፍ የለመደ እጅ ነው፤ ሁለት ቦታ አደማሁት። ጉንጩ እንደ እሳት ይፋጃል። ጺሙ ሲነሳ ከሥሩ የእናቱ አገጭ ወጣ፤ ታምራት ማስኩን እስኪያጠብቅለት ድረስ አገጩን ይዤ ቆየሁ።

የአጎቴ ተረቶች አብዛኞቹ ጠፍተውብኛል። ያ አገጭ ግን ከእጄ አልጠፋም። ልጄ ተረፈ፤ ዛሬም ደረጃ ሲወጣ መሐል ላይ ያርፋል። ጠዋት መስታወት ፊት ሲላጭ ከኋላው ቆሜ አየዋለሁ።

«ምን ፈለግህ፣ አባዬ?» ይለኛል።

«ምንም» እለዋለሁ።