ከኮረም የመጡት ባለቀይ ምልክት ሳህኖች

ሐሙስ ጎህ ሳይቀድ ፍየል በጫነ አይሱዙ ከሰቆጣ ወጣሁ። አክስቴ ብርነሽ መናኸሪያው ጎን ምግብ ቤት ልትከፍት ቤት ተከራይታለች፤ ውስጡ ያለው ግን ሁለት አግዳሚ ወንበርና አንድ የውሃ በርሜል ብቻ ነው። አከራዩ «እስከ ቅዳሜ ካልከፈትሽ ለእህል ነጋዴ እሰጠዋለሁ» ስላላት በያዘችው ጥቂት ብር ዕቃ እንድገዛ ላከችኝ።

«ኮረም ካጣሽ ወልድያ ውረጂ» አለችኝ።

እኔ ደግሞ ኮረም ባጣ ደስታዬ ነበር። ትምህርቴን ጨርሼ ቤት ተቀምጫለሁ፤ ከኮረም ወዲያ ምን እንዳለ አይቼ አላውቅም።

መንገድ ይሉታል እንጂ ድንጋይ ነው። መኪናው ዳገቱን እያቃሰተ ሲወጣ ፍየሎቹ ከኋላ ይጮኻሉ፣ ሾፌሩ ከፊት ይሳደባል፣ እኔ ጋቢና ውስጥ በሁለት ሰው መሀል ተጨፍልቄ አቧራ እውጣለሁ። እኩለ ቀን ላይ ኮረም ደረስን። ነፋሷ አጥንት ይገባል። ቆሜ ሻይ በዳቦ በላሁና ወደ ዕቃ መደብሮቹ ሮጥኩ።

ባለሱቁ ለአንድ ሰታቴ ድስት የጠራው ዋጋ የያዝኩትን ብር ግማሽ ይበላል።

«ወርቅ ነው እንዴ? ምግብ ቤት ልንከፍትበት ነው።»

«አሉሚኒየም ነው፣ እህቴ። በዚህ ብር ምግብ ቤት ሳይሆን ሻይ ቤት ክፈቱ።» ቢያሾፍም አዘነልኝ መሰለኝ፤ ያገለገለ ዕቃ የሚሸጡ አደይ ለምለም የሚባሉ ሴትዮ ቤት ጠቆመኝ።

አደይ ለምለም ጓዳቸውን ከፈቱልኝ። ሁለት ሰታቴ፣ ሦስት ትሪ፣ ጭልፋዎች፣ አርባ የቆርቆሮ ሳህን። ዋጋው ሲነገረኝ እንዳይቀይሩት ብዬ ቶሎ ከፈልኩና በጋሪ አስጫንኩ።

አይሱዙው ፍየሎቹን አራግፎ ጨው ጭኗል። ረዳቱ ሰታቴውን ደፍቶ ሊያስር ሲል ቆም አለ።

«ማን ሞተ?» አለኝ።

ከሥሩ በቀይ ቀለም የተቀባ ምልክት አለ። ትሪውን ገለበጥኩ፣ አለ። ሳህኖቹም ሁሉም አላቸው። የእድር ዕቃ ነው። ጋቢና ያሉት ሳቁ፤ እኔ ግን የሚጠብቀኝን አሰብኩ። ሰቆጣ ስገባ ወይ ሰርቃለች እባላለሁ፣ ወይ በለቅሶ ሳህን አንበላም ይሉናል።

ወደ አደይ ለምለም ተመልሼ ሮጥኩ።

«አደይ፣ የእድር መሆኑን ለምን አልነገሩኝም?»

«አልጠየቅሽኝማ፣ ጓለይ፣ ልጄ። እድራችን ፕላስቲክ ገዛና ይሄን ሽጪልን አለኝ።»

«በለቅሶ ሳህን ማን ይበላል?»

«ለቀስተኛው ሁሉ በልቶበታል። አንድም የታመመ የለም።» መቀነታቸውን ፈተው ብሩን ዘረጉልኝ። «ካልፈለግሽው ይኸው፤ ዕቃዬን መልሺ።»

ያንን ብር ብቀበል ወልድያ እሄዳለሁ። ቅዳሜ ግን ያመልጠናል፣ ቤቱም ይሄዳል። ሾፌሩ ጥሩንባውን ይነፋል። «ብሩን ይያዙት» ብዬ ወጣሁ። ማታ ሰቆጣ ገባን።

አክስቴ አንዱን ሳህን ገልብጣ አየችው። ልትመታኝ መስሎኝ ወደ በሩ ጠጋ አልኩ። «ብዛቱ ጥሩ ነው» አለችና ማጠብ ጀመረች።

ቅዳሜ ከፈትን። ከፃግብጂ ለገበያ የመጡ ሽማግሌ ሽሯቸውን ጠርገው በሉና የተረፈውን ፍርፋሪ ሊያራግፉ ሳህኑን ደፉት። ቀዩን አዩት።

«ማን ሞቶ ነው፣ ልጄ?» አሏት።

«ረሃብ ነው፣ አባባ» አለች አክስቴ። «ቀብረነው መጣን። ይጨመርልዎት?»

ሽማግሌው ሳህኑን መልሰው ዘረጉላት። ቤቱን የተመኘው እህል ነጋዴ ራሱ ከሰዓት በኋላ መጥቶ በላ።

ወልድያን ሳላይ ቀረሁ፤ አንድ ቀን አያታለሁ። እስከዚያው ግን ድስት ስገዛ ዋጋውን ከመጠየቄ በፊት ቂጡን አያለሁ።